የመቶ ሚሊዮን ዲግሪው ቁና በማን እጅ ነው?

“ሰው ሠራሽ ፀሐይ” የሚለው ዜና ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየወቅቱ ብቅ ይላል። በቻይናዋ ሄፌ ከተማ የሚገኘው ኢስት የተሰኘ ማሽን እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 በ120 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ ለ101 ሰከንድ መሥራቱ ተነገረ። በ2024 ደግሞ የደቡብ ኮሪያው ኬስታር 100 ሚሊዮን ዲግሪን ለ48 ሰከንድ ማቆየቱ ተዘገበ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ አንባቢ “በሙቀቱም በጊዜውም ቻይና በልጣለች” ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ነገር ግን የቻይናው ቁጥር የኤሌክትሮኖች ሙቀት ነው፤ የኮሪያው ደግሞ የአዮኖች። አንዱ ጤፍ፣ ሌላው ገብስ ነው፤ የተሰፈሩበትም ዕቃ ለየቅል ነው።

ልዩነቱ የሚያሳስበው ሊቃውንትን ብቻ አይደለም። የኑክሌር ውህደት፣ በተለምዶ ፊውዥን የሚባለው፣ ዛሬ ከመንግሥት ቤተ ሙከራ ወጥቶ የግል ኩባንያዎች ቢሊዮን ዶላሮችን የሚያፈሱበት መስክ ሆኗል። ለሕዝብም ለባለሀብትም በአርዕስት የሚቀርበው ማስረጃ ብዙውን ጊዜ አንድ የሙቀት ቁጥር ነው። ቁጥሩ የተገኘበት መንገድ ግን በዜናው ውስጥ እምብዛም አይነሳም።

ከመንገዶቹ ሁሉ በዘርፉ ሰዎች ዘንድ ትልቅ አመኔታ ያገኘው የኤሌክትሮኖችን ሙቀት በሌዘር ብርሃን የሚለካው “የቶምሰን ብተና” ነው። ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ፣ የት እንደሚያስተማምንና የት እንደሚቸገር ማየት የፊውዥን ዜናን ለመመዘን ይረዳል። ከታሪኩ የሚወጣው ዋና ነጥብም አለ፦ የዘዴው ክብር የመጣው ከትክክለኛነቱ ብቻ ሳይሆን፣ ተፎካካሪ የራሱን መሣሪያ ተሸክሞ መጥቶ የሌላውን ቁጥር ሊፈትሽበት ከመቻሉም ነው።

አንድ ዕቃ፣ ሁለት ሙቀት

በፊውዥን ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የተባሉት የሃይድሮጅን ዓይነቶች ተዋህደው ሂሊየም ይሆናሉ፤ በዚህም ብዙ ኃይል ይለቃሉ። ኒውክለሶቹ ሁሉም አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። ግፊያውን ጥሰው እንዲገናኙ እጅግ መፍጠን አለባቸው፤ ፍጥነት ማለት ደግሞ ሙቀት ነው። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ነው። ፀሐይ ግን ግዝፈቷና እፍጋቷ ያግዟታል። ይህ እገዛ በሌለበት በምድር ላይ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል።

በዚህ ሙቀት አተም ይፈርሳል። ኤሌክትሮኖቹ ከኒውክለሶቹ ተለያይተው ፕላዝማ የሚባለው ነገር ይፈጠራል። ከዚያ በኋላ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሕዝብ አለ፦ ቀላሎቹ ኤሌክትሮኖችና በሺዎች እጥፍ የሚከብዷቸው አዮኖች። የክብደታቸው ልዩነት ሰፊ በመሆኑ በግጭት ኃይል የሚለዋወጡት በዝግታ ነው። አንደኛው ወገን ሲግል ሌላው ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ “የፕላዝማው ሙቀት ስንት ነው?” የሚለው ጥያቄ “የማን?” የሚል ተከታይ ካልታከለበት መልስ የለውም።

የሚዋሃዱት አዮኖቹ ሆነው ሳለ የኤሌክትሮን ሙቀት ለምን ይህን ያህል ይፈለጋል? አንደኛ፣ ከውህደቱ የሚወለደው የሂሊየም ቅንጣት ፕላዝማውን መልሶ ሲያሞቅ ኃይሉን በቅድሚያ የሚያስረክበው በአብዛኛው ለኤሌክትሮኖች ነው። ራሱን በራሱ የሚያሞቅ ፕላዝማ የመጀመሪያ ምልክቱ የሚታየው እነሱ ላይ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ኤሌክትሮኖች በቀላሉ ኃይልን በጨረር መልክ ያፈሳሉ፤ ሙቀታቸው የኪሳራውን መጠን ይናገራል። ሦስተኛ፣ በፕላዝማው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት የሚገጥመው ተቃውሞ የሚወሰነው በኤሌክትሮኖቹ ሙቀት ነው።

መለኪያውን ዘልቆ ማስገባት አይቻልም። ከብረታ ብረት ሁሉ ዘግይቶ የሚቀልጠው ተንግስተን እንኳ 3,400 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ቀጭን የብረት ዘንግ ከፕላዝማው ዳር ላይ ለአፍታ ማስጠጋት ይቻል ይሆናል፤ ወደ መሐል ከገባ ግን ዘንጉም ይጠፋል፣ ፕላዝማውም ይበከላል። የቀረው አማራጭ ሳይነኩ መለካት ነው።

የጎጆዋ ጮራ

በጎጆ ግድግዳ ቀዳዳ የሾለከች የፀሐይ ጮራ ጨለማ ቤት ውስጥ በመንገዷ ያለውን ብናኝ ሁሉ ታሳያለች። ብናኝ ባይኖር ጮራዋ ራሷ ከጎን ለቆመ ሰው አትታይም ነበር። የቶምሰን ብተናም ከዚህ ይጀምራል፤ የሌዘር ብርሃን በፕላዝማው ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ጥቂቱን ወደ ጎን ይበትኑታል። ስያሜው ኤሌክትሮንን በ1897 ካገኘው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ጄ. ጄ. ቶምሰን የመጣ ነው። አዮኖች ግን ከባድ በመሆናቸው በብርሃኑ ብዙም አይንቀጠቀጡም፤ ቀላሉ አዮን፣ ፕሮቶን፣ የሚበትነው ከኤሌክትሮን በሦስት ሚሊዮን እጥፍ ያነሰ ነው። ወደ ጎን የወጣው ብርሃን እንግዲህ የኤሌክትሮኖች ምስክርነት ነው።

ምስክርነቱ ሁለት ነገር ይዟል። አምቡላንስ እየቀረበ ሲመጣ የሳይረኑ ድምፅ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል። ብርሃንም እንደዚሁ ነው፤ ወደ መሣሪያው እየመጣ ያለ ኤሌክትሮን የበተነው ብርሃን ወደ ሰማያዊው ወገን፣ እየራቀ ያለ የበተነው ደግሞ ወደ ቀዩ ወገን ይሸሻል። ሌዘሩ ሲገባ አንድ ጠባብ ቀለም ነበር፤ ከሚሊዮን አቅጣጫ ከሚሮጡ ኤሌክትሮኖች ሲመለስ ግን ሰፍቶ ይገኛል። ስፋቱ ሙቀቱን ይናገራል፤ ሙቀቱ በአራት እጥፍ ሲጨምር ስፋቱ በእጥፍ ያድጋል። የተመለሰው ብርሃን ብዛት ደግሞ የኤሌክትሮኖቹን እፍጋት ይናገራል። በአንድ የሌዘር ምት ሁለት ልኬት ይገኛል።

በቁጥር እንየው። የዘርፉ ሰዎች ሙቀትን በኤሌክትሮን ቮልት ይጠሩታል፤ አንድ ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት 11.6 ሚሊዮን ዲግሪ ነው። በዚህ ሙቀት የኤሌክትሮኖች ፍጥነት በሰከንድ 19 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሌዘር የሞገድ ርዝመት 1,064 ናኖሜትር ሲሆን፣ በ90 ዲግሪ ጎን ለተቀመጠ መሣሪያ ይህ ብርሃን ከመሐሉ ግራና ቀኝ በ60 እና በ70 ናኖሜትር መካከል ይዘረጋል። በቀለም ማጣሪያዎች ከፋፍሎ ለማየት ይህ በቂ ስፋት ነው።

ችግሩ ያለው ብርሃኑ ጥቂት መሆኑ ላይ ነው። ፕላዝማን በመግነጢስ በሚይዘው፣ ቶካማክ በሚባለው የቀለበት ቅርጽ ማሽን ውስጥ ያለ ፕላዝማ ከምንተነፍሰው አየር በመቶ ሺህዎች እጥፍ የሳሳ ነው። አንድ ጁል ኃይል ያለው የሌዘር ምት አምስት ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ፎቶኖችን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶችን፣ ይዞ ይገባል። በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አምስት ቁጥርን አሥራ ዘጠኝ ዜሮ ተከትሎት የሚጻፈውን ያህል ኤሌክትሮኖች ባሉበት ፕላዝማ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ፣ መጠነኛ ሌንስ ሊሰበስበው የሚችለው ሁለት መቶ ሺህ ገደማ ፎቶን ነው። ከዚህም ብዙው በመስታወትና በማጣሪያ መንገድ ላይ ይቀራል። የቀረው ሁሉ በማሽኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ከሚያልፈው ቅንጣት ያህሉ ግድግዳ ላይ ተንጸባርቆ ወደ ሌንሱ ቢገባ እውነተኛው ምልክት ይዋጣል።

በመሆኑም የዚህ መሣሪያ ጥበብ ግማሹ ብርሃን መሰብሰብ ሲሆን ግማሹ ብርሃን መከላከል ነው። ሌዘሩ በወጣበት በኩል ጨረሩን ውጦ የሚያስቀር ማጥመጃ ይደረጋል፤ የሌዘሩን ትክክለኛ ቀለም የሚዘጋ ማጣሪያ ይገባል፤ ፕላዝማው ራሱ ከሚያወጣው ብርሃን ለመለየትም ምቱ በሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍልፋዮች ወደሚቆጠር ጊዜ ይጨመቃል። ከዚያም ማሽኑ በታወቀ መጠን ጋዝ ተሞልቶ መሣሪያው ይፈተናል። አስተማማኝ የሆነው ዘዴ ቀላል አለመሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

የዜታ ቁስል፣ የሞስኮው ጉዞ

በጃንዋሪ 1958 በእንግሊዝ ሃርዌል የነበረው ዜታ የተባለ ማሽን ሚሊዮኖች ዲግሪ ላይ ደርሶ ፊውዥን እንዳስገኘ ለዓለም ታወጀ። ማስረጃው ከማሽኑ የወጡ፣ ከውህደት የሚጠበቁ ኒውትሮኖች ነበሩ። የቡድኑ የበላይ ሰር ጆን ኮክሮፍት ኒውትሮኖቹ የፊውዥን ስለመሆናቸው 90 በመቶ እርግጠኛ መሆናቸውን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ግን መግለጫው ታረመ፤ ኒውትሮኖቹ የመጡት ፕላዝማው ሲናወጥ ተለይተው ከፈጠኑ ጥቂት ቅንጣቶች እንጂ ከጋለው ብዙኃኑ አልነበረም። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፦ የጥቂቶች ሩጫ የብዙኃኑን ሙቀት መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 1968፣ በሳይቤሪያዋ ኖቮሲቢርስክ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የፊውዥን ጉባኤ ሶቪየታዊው ሌቭ አርትሲሞቪች በሞስኮው ኩርቻቶቭ ተቋም ቲ-3 የተባለው ቶካማክ በኤሌክትሮን ሙቀት አሥር ሚሊዮን ዲግሪ አካባቢ መድረሱን አሳወቀ። ምዕራባውያኑ አልተቀበሉትም። ሶቪየቶቹ ሙቀቱን ያሰሉት ከፕላዝማው ጠቅላላ ኃይል ነበር። ጥቂት እጅግ የፈጠኑ ኤሌክትሮኖች ያን ኃይል ተሸክመው፣ ብዙኃኑ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል ሲሉ ተቃዋሚዎቹ ተከራከሩ። የዜታው ስሕተት እንደገና በሌላ ማሽን እንዳይሆን ፈሩ።

በዚያው ኦገስት የሶቪየት ታንኮች ፕራግ ገቡ። ሁለቱ ጎራዎች እጅግ በተፋጠጡበት በዚያ ወቅት አርትሲሞቪች ያደረገው ነገር ያልተለመደ ነበር፤ እንግሊዞቹን የራሳችሁን ሌዘር ይዛችሁ መጥታችሁ ለኩ አላቸው። የኩላም ቤተ ሙከራ ሰዎች፣ ኒኮል ፒኮክ፣ ዴሬክ ሮቢንሰን፣ ማይክ ፎረስትና ፒተር ዊልኮክ፣ አምስት ቶን ያህል ዕቃ ይዘው በ1969 ሞስኮ ወረዱ። ዘዴውን ቀደም ብለው የተለማመዱት በዚያው በተዋረደው ዜታ ላይ ነበር። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እንዲሉ፣ በልኬት የተቃጠለው ወገን ልኬትን ከሁሉ በላይ ያጠናው ሆኖ ተገኘ።

የቶምሰን ብተና ለዚያ ክርክር የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስፋቱ የሚነበበው ከብዙኃኑ ኤሌክትሮኖች ነው፤ ጥቂት ሯጮች መሐሉን ሊያሰፉት አይችሉም። ውጤቱ በኖቬምበር 1969 ኔቸር መጽሔት ላይ ከሶቪየታዊው ሳኒኮቭ ጋር በጋራ ታተመ፤ የተለካው ሙቀት ከመቶ ኤሌክትሮን ቮልት ተነስቶ እስከ አንድ ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ይደርስ ነበር። አርትሲሞቪች እውነቱን ነበር።

የተከተለው ለውጥ ፈጣን ነበር። የአሜሪካው ፕሪንስተን ቤተ ሙከራ ስቴላሬተር የተባለውን ትልቁን ማሽኑን በ1970 በወራት ውስጥ ወደ ቶካማክ ቀየረው። ቶካማክ በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ተገቢ ነው። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ከልኬቱ የተወሰደው ውሳኔ ግን ሌሎቹን የማሽን ዓይነቶች ለአሥርት ዓመታት ወደ ጥላ ገፍቷቸዋል። ከነሱ አንዱ የሆነው ስቴላሬተር ዛሬ በጀርመን ቬንዴልሽታይን 7-ኤክስ በተባለው ማሽን እንደገና ቀና ብሏል። ጥሩ ሚዛን የዛሬውን ክብደት ይናገራል፤ የነገውን አሸናፊ ግን አይናገርም።

ሁለት ምስክሮች ሲለያዩ

የኤሌክትሮን ሙቀት የሚለካው በሌዘር ብቻ አይደለም። በመግነጢሳዊ መስክ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ኤሌክትሮኖች ራሳቸው ማይክሮዌቭ ያወጣሉ፤ የማይክሮዌቩ ብርታት ሙቀታቸውን ይጠቁማል። ይህ ዘዴ ፕላዝማውን ያለማቋረጥ ያዳምጣል፣ ሌዘርም አያስፈልገውም። ሌዘሩ በአንጻሩ ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ በየምቱ አንድ ሥዕል ይወስዳል፣ በምትና በምት መካከል የሆነው ያመልጠዋል። በእንግሊዝ የነበረው ጄት የተባለው ትልቅ ቶካማክ አንደኛው የሌዘር መሣሪያ በሰከንድ 20 ሥዕል ያነሳ ነበር። ፕላዝማ ግን በሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ባሕርዩን ሊለውጥ ይችላል።

ስለዚህ ትላልቆቹ ማሽኖች ሁለቱንም ይዘዋል። ብዙውን ጊዜ ይስማማሉ። ሙቀቱ እጅግ ሲጨምር ግን ፕሪንስተን በነበረው ቲ.ኤፍ.ቲ.አር. እና በጄት ላይ እንግዳ ነገር ታየ፤ ማሽኖቹ በብርቱ ማሞቂያ ከአምስትና ስድስት ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ሲወጡ ማይክሮዌቩ ከሌዘሩ እስከ 20 በመቶ የበለጠ ሙቀት ያነብ ጀመር። ሁለቱም መሣሪያዎች ደጋግመው ተፈተሹ፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም።

አንዱ ማብራሪያ ሁለቱ መሣሪያዎች የሚያዩት አንድ ዓይነት ኤሌክትሮኖችን አይደለም የሚል ነው። “ሙቀት” የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው የቅንጣቶቹ ፍጥነት በተለመደው የደወል ቅርጽ ሲደላደል ነው። ብርቱ ማሞቂያ ቅርጹን በትንሹ ቢያጣምመው፣ ከፍጥነቱ ጠባብ ክፍል የሚያነበው ማይክሮዌቭና ከሰፊው ክፍል የሚያነበው ሌዘር የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ሁለቱም አልዋሹም ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው በጥያቄው ላይ ነው። ወደፊት የሚሠሩት ማሽኖች ከዚህም በላይ ስለሚግሉ ጉዳዩ ተራ አይደለም። ፊውዥን ከሙቀት ጋር በፍጥነት ስለሚለዋወጥ 20 በመቶ ስሕተት በኃይል ስሌት ላይ ሲደርስ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሊያርፍ ይችላል።

ቁናው ወደ ኩባንያዎች ሲሄድ

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሚሠራው ዛፕ ኢነርጂ የተባለ ኩባንያ በ2024 ያሳተመው ጥናት የዘመኑን ጥያቄ በአጭሩ ያሳያል። ማሽኑ ግዙፍ መግነጢስ የለውም፤ በፕላዝማው ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ራሱ ፕላዝማውን እንዲጨምቀው ያደርጋል። ይህ የማሽን ዓይነት ከዜታ ጋር የሥጋ ዝምድና ስላለው አንጋፋዎቹ በጥርጣሬ ያዩታል። ኒውትሮን መቁጠር ብቻውን አያሳምናቸውም፤ በ1958 የሆነው ይኸው ነዋ።

ኩባንያው ያቀረበው ማስረጃ የቶምሰን ብተና ነበር። የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም ከ12 እስከ 35 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ፣ ሆኖ ተለካ፤ ኒውትሮኖቹም በዚያው ሰዓት ታዩ። ውጤቱ በገምጋሚዎች በሚታይ የፊዚክስ መጽሔት ላይ ወጣ፤ በልኬቱም የመንግሥት የሆነው የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ሰዎች ተሳትፈዋል። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት የምርምር ክንፍ ከማሽን ወደ ማሽን የሚጓጓዙ መለኪያዎችንና ባለሙያ ቡድኖችን በገንዘብ ደግፏል። የ1969ኙ የአምስት ቶን ጉዞ በአነስተኛ መልኩ ሥርዓት እየሆነ መጣ ማለት ይቻላል።

የተዋናዮቹ ፍላጎት ግን አንድ አይደለም። ኩባንያው ቁጥሩ ታማኝ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ምስጢሩ ግን እንዲወጣ አይፈልግም። ባለሀብቱ ፈጣን ዜና ይፈልጋል፤ የቶምሰን ብተና መሣሪያ ግን ለመትከልና ለመፈተን ጊዜና ገንዘብ ይበላል። የመንግሥት ቤተ ሙከራው መሣሪያና ባለሙያ አለው፤ ግን በሌላው ቤት በእንግድነት ነው የሚሠራው። በእነዚህ መካከል ሚዛን ሲጠፋ የሚጎዳው ገዥው ነው፤ ገዥው ደግሞ ባለሀብት ብቻ ሳይሆን ከግብሩ ለምርምር የሚከፍለው ሕዝብም ነው።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኤሌክትሮን ሙቀት በራሱ ድል አይደለም። ለፊውዥን ወሳኙ የሙቀት፣ የእፍጋትና ሙቀቱ ሳይበተን የሚቆይበት ጊዜ ብዜት ነው። ሌዘሩ የሙቀቱንና የእፍጋቱን የኤሌክትሮን ድርሻ ይሰጣል፤ የአዮኖቹ ሙቀትና ሦስተኛው ቁጥር በሌላ መንገድ መገኘት አለባቸው። እጅግ ግሎ ወዲያው የሚበርድ ፕላዝማ ለኃይል ማመንጫነት አይበቃም።

የኢተር መስታወት

በደቡብ ፈረንሳይ የሚገነባው ኢተር የተባለ ግዙፍ ቶካማክ ከሠላሳ በላይ አገሮች የተሳተፉበት ነው። በ2024 በወጣው አዲሱ መርሐ ግብር መሠረት የምርምር ሥራውን በ2034፣ በዲዩቴሪየምና ትሪቲየም ደግሞ በ2039 ይጀምራል። የቶምሰን ብተና ለመሐሉ፣ ለዳሩና ለታችኛው ማስወገጃ ክፍል ተለይቶ ታቅዶለታል። የመሐሉ መሣሪያ እስከ 40 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት እንዲያነብ ይጠበቃል።

በኢተር ዋናው ፈተና ሌዘሩ አይደለም፤ መስታወቱ ነው። ከፕላዝማው የሚወጣው ብርሃን መጀመሪያ የሚያርፈው በማሽኑ ውስጥ ባለ የብረት መስታወት ላይ ነው። መስታወቱ የኒውትሮን ውርጅብኝ ይቀበላል፤ ከግድግዳው የተፋቁ አተሞችም ይለብሱታል። ብርሃኑ በአጠቃላይ ቢቀንስ ጉዳቱ ይታወቃል። አደገኛው መስታወቱ ሰማያዊውን ወገን ከቀዩ አብልጦ ሲያጠፋ ነው። እጅግ የጋለ ፕላዝማ ብርሃኑን በአብዛኛው የሚዘረጋው ወደ ሰማያዊው ስለሆነ፣ የደበዘዘው መስታወት ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። መሣሪያው አልተሰበረም፣ ምልክትም አልጠፋም፤ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። ከሁሉ የከፋው የሚዛን ብልሽት እንዲህ ያለው ነው።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ የሞገድ ርዝመታቸው የተለያየ ሁለት ሌዘሮችን በአንድ መንገድ ማስተኮስ ነው። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ፕላዝማ ስለሆነ፣ የሚሰጡት ሥዕል ካልተጣጣመ ጥፋቱ በመስታወቱ ላይ መሆኑ ይታወቃል፤ መጠኑም ይሰላል። ዋጋው ግን ተጨማሪ ሌዘር፣ ተጨማሪ ጥገናና በጥበት በተሞላ ማሽን ውስጥ ተጨማሪ ቦታ ነው። እያንዳንዱ መስኮት ኒውትሮን የሚያሾልክ ቀዳዳም ነው። የተሻለ ማየትና የተሻለ መከለል እዚህ ይጋጫሉ።

ወዴት ያመራል?

የሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ሦስት መንገድ ሊይዙ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የሞስኮው መንገድ ነው። ኩባንያዎች በራቸውን ለገለልተኛ ለኪ ይከፍታሉ፣ ውጤታቸውን ለግምገማ ያቀርባሉ፣ የቶምሰን ብተና እንደ ሒሳብ ኦዲት ይቆጠራል። ዛፕ ያደረገው ይህ መንገድ የሚቻል መሆኑን ያሳያል። የእንግሊዙ ቶካማክ ኢነርጂም በአነስተኛ ማሽኑ ላይ 100 ሚሊዮን ዲግሪ የደረሰ የአዮን ሙቀቱን በመጽሔት አሳትሟል። የሚገፋው ኃይል የባለሀብቱ ጥንቃቄ ነው፤ ገንዘቡ እየበዛ ሲሄድ ጥያቄውም ይበዛል።

ሁለተኛው ሁሉም በየራሱ ቁና የሚሰፍርበት ነው። አንዱ የኤሌክትሮን፣ ሌላው የአዮን፣ ሦስተኛው ለቅጽበት የታየ ጫፍ እያወጣ፣ ሁሉም “መቶ ሚሊዮን” የሚል አርዕስት ያገኛል። ይህ መንገድ ለጊዜው ማንንም አይጎዳም። አንድ ትልቅ ቁጥር ሲወድቅ ግን በዜታ እንደሆነው ጥላው በዘርፉ ሁሉ ላይ ያርፋል፤ ስለ ፊውዥን “ላም አለኝ በሰማይ” የሚለው ሰውም ይበዛል።

ሦስተኛው ከሁለቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ፊውዥን በእርግጥ ኃይል ማመንጫ ከሆነ ማሽኑ መስኮት አይወድም። ግድግዳው በሙሉ ትሪቲየም የሚያመርት ልባስ መሆን አለበት፤ በውስጡ ያለው ጨረርም ሌንስና መስታወት አይታገስም። የማመንጫው ሠራተኛ በጥቂት ልኬቶችና በኮምፒውተር ሞዴል ይመራል። ሞዴሉ ታማኝ የሚሆነው ደግሞ ዛሬ ብዙ መስኮት ባላቸው የምርምር ማሽኖች ላይ በሚገባ ከተለካ ብቻ ነው። የሌዘሩ መሣሪያ ሥራውን ጨርሶ ከመሰናበቱ በፊት ማስረጃውን ማስረከብ አለበት።

ከሦስቱ ሁለተኛው በአጭር ጊዜ፣ ሦስተኛው በረጅም ጊዜ የሚጠበቁ ይመስላሉ። የመጀመሪያው በራሱ አይመጣም፤ የሚጠይቅ ካለ ግን ይመጣል። ቴክኒኩ አለ፤ ከ1969 ጀምሮ ተፈትኗል። ልማዱም አለ፤ በሁለት ተፋጣጭ ጎራዎች መካከል እንኳ ሠርቷል። የጎደለው እንደ ደንብ መያዙ ነው፤ የሙቀት ቁጥር ያወጀ ሁሉ የማን ሙቀት እንደሆነ፣ በምን ዘዴ እንደተለካ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየና ከራሱ ሌላ ማን እንዳረጋገጠው አብሮ ሊናገር ይገባል።

እህል ገበያ የወጣ ሰው ሻጩን ሌባ ሳይለው ቁናውን ገልብጦ ያያል። የሚቀጥለው የመቶ ሚሊዮን ዲግሪ ዜና ሲመጣ አንባቢም እንዲሁ ያድርግ።